ቀድሞ የሚዘል ሰው

ዳይሬክተሩ በስልሳ ሦስት ዓመቱ ካልሲ ማጥለቅን በሁለት ክፍል የሚሠራ ሰው ሆኗል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የግራውን ያጠልቃል፤ ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ግድግዳውን እያየ ያርፋል፤ የቀኙ ተራ የሚደርሰው ትንፋሹ ሲመለስ ነው። ቀኝ ዳሌው በእርጅና ስላለቀ ብረት ገብቶለታል። ከአራት ዓመት በፊት ብረቱን የገጠመለት ሐኪም "ይኼ ለመራመጃ እንጂ ለመዝለያ አይሆንም" ብሎ ነግሮታል። እሱም እሺ ብሏል፤ ሐኪም ፊት እሺ የማይል ማን አለ። ዓመት ሳይሞላው ግን ብረቱን እንደያዘ ከአንደኛ ፎቅ ዘለለ።

ያን ጊዜ ባለቤቱ ምንም አላለችም። ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የሆዷን በሆዷ ደምራና ቀንሳ የምታስቀምጥ ሴት። አፏን የከፈተችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከአንድ ቀብር ሲመለሱ፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ነው። "ካሁን በኋላ አትዘልም። ማልልኝ" አለችው። ደክሞት ስለነበር አልተከራከረም። "ልጆቼን ይንሳኝ" ብሎ ማለላት። ለምን ያን ቀን እንደመረጠች አልጠየቃትም። ቀብር ሰውን ያስፈራል ብሎ አለፈው።

አያት የሆነ ሰው ከፎቅ እንዳይዘል ምን መሐላ ያስፈልገዋል ለሚል፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው የአክሽን ፊልም ዳይሬክተር ነው። አሥራ ስምንት ፊልም ሠርቷል። በሁሉም ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ከከፍታ ይወድቃል። በተዋናዩ ፈንታ የሚወድቁትን ሰዎች የሥራ ባልደረቦቻቸው "ወዳቂ" ይሏቸዋል፤ ስድብ ይመስላል፣ እነሱ ግን ሲጠሩበት ደረታቸውን ይነፋሉ። ታዲያ ወዳቂው ከመዝለሉ በፊት ዳይሬክተሩ ራሱ ይዘላል። "ራሴ ያልዘለልኩትን ማንንም አላዘልልም" የሚለው ቃሉ ከዋናው ተዋናይ ስም ሥር በፖስተር ላይ ሲታተም ኖሯል። ብዙ ሰው ፊልሞቹን ይረሳቸዋል፤ ይህችን ቃል ግን ታክሲ ውስጥ ያሉ ሰዎችም ያውቋታል።

ሥራውን የጀመረው በሲኒማ አዳራሽ ትኬት ቀዳጅነት ነው። ዘግይቶ የመጣውን በባትሪ እየመራ ወንበሩ ላይ ያስቀምጣል። አንዱን ፊልም አርባ ጊዜ ያየ ሰው ሸራውን ማየት ይሰለቸዋል፤ እሱም ፊቱን አዙሮ ተመልካቹን ማየት ጀመረ። ሰው ለውዝ እየበላ ነው ፊልም የሚያየው። ተዋናዮቹ ሲዋደዱም ያኝካል፣ ሲሞቱም ያኝካል፣ ተኩስ ሲበዛማ ጭራሽ ይፈጥናል። ማኘክ የሚያቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰው ከከፍታ ሲወድቅ፣ ያውም ካሜራው ሳይቆራረጥ ከላይ እስከ ታች ሲከተለው። ያን ጊዜ አዳራሹ ጸጥ ይላል። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ በተዋሰው ካሜራ የመጀመሪያ ፊልሙን ሲያነሳ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ዛሬም የለም።

ደግሞ የእሱ ጀግና ይደክመዋል። ይህ ነው እንግዲህ ስልቱ የሚባለው። የሌሎቹ ጀግኖች አሥር ሰው ደብድበው ፀጉራቸውን ያስተካክላሉ፤ የእሱ ጀግና ሁለት ሰው ደብድቦ ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ደረጃ የሌለበት ፊልም የለውም። መጀመሪያ ላይ ደረጃ ስለማያስከፍል ነበር፤ በኋላ ደግሞ ሰው እውነተኛ ትንፋሹ የሚሰማው ደረጃ ሲወጣ መሆኑን ስላወቀ ነው። ተዋናዮቹን አራት ፎቅ አስሩጦ ሲያበቃ "በል አሁን ተናገር" ይላቸዋል። አንድ ጋዜጠኛ "ታሪኩ ከደረጃው ያጥራል" ብሎ ጽፎበት ነበር። ዳይሬክተሩ ቀዶ በቦርሳው ያዘው፤ ልክ ነው ብሎ ስለሚያምን።

የመዝለሉ ነገር የመጣው ላስቲክ ከሚሉት ሰው ነው። ላስቲክ የቤት ቀለም ቀቢ ነበር፤ ከመሰላል መውደቅ ስለለመደ ነው ወዳቂ የሆነው። በመጀመሪያው ፊልም ከአንደኛ ፎቅ ሊዘል ጫፉ ላይ ቆመና ታች የተደረደረውን ባዶ ካርቶን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ያለምንም ክፋት "አንተ ብትሆን ትዘል ነበር?" አለው። ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በወጣት ላይ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ዳይሬክተሩ ደረጃውን ወጥቶ ሳያስብ ዘለለ። ሁለት ጎድኑ ተሰበረ። ካርቶኖቹ ዙሪያቸውን በፕላስተር ታሽገው ስለነበር አየሩ መውጫ አጥቶ እንደ ድንጋይ ተቀበሉት። ላስቲክ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ እንደገና ደረደረና ቀጥሎ ዘለለ። አንድ ፀጉር አልጎደለበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳይሬክተሩ ቀድሞ ይዘላል፣ ላስቲክ ይከተላል።

አንድ ጊዜ የተዘለለበት ካርቶን ሁለተኛ አይሆንም፤ ጎኑ ይሟሽሻል። ስለዚህ ከዳይሬክተሩ ዝላይ በኋላ የተጨፈለቀው ሁሉ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ይህን የሚሠራው ላስቲክ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ካርቶን ሲነካ ካየ ይቆጣል። ዳይሬክተሩም አንድ ቀን እጁን አስገብቶበት አያውቅም። የላስቲክ ካርቶን ልክ ነው፤ ሰው ስለ ልክ ነገር አይጠይቅም። በአሥራ ሰባት ፊልም ከዚያ በኋላ ጥፍሩም አልተነቀለ። እሱ ግን ይህን ከራሱ ብልሃት ይቆጥረው ነበር፤ መውደቅ የተማርኩት እዚያ ጎድኔ የተሰበረ ጊዜ ነው ይል ነበር።

ያን ሁሉ ፎቅ ወድቆ ያልሞተው ላስቲክ ከሁለት ዓመት በፊት በኩላሊት፣ አልጋው ላይ ሞተ። ባለቤቱ ያስማለችው ከእሱ ቀብር ሲመለሱ ነው። አንዲት ልጅ ትቶ ሄደ፤ ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ የአባቷን ሥራ ይዛለች። ቁጥብ ናት። ሥራ ቦታ ስትመጣ ሰላም ትልና ካርቶኖቿ ዘንድ ትሄዳለች።

አሥራ ዘጠነኛው ፊልም የመጨረሻው ነው። ይህን ዳይሬክተሩም ያውቃል፣ ፕሮዲውሰሩም ያውቃል፤ ሁለቱም ግን "ለጊዜው" ይላሉ። ፕሮዲውሰሩ ከስልኩ ቀና የማይል ጎልማሳ ነው። ዝላዩን በኮምፒውተር እናድርገው ብሎ ነበር። ዳይሬክተሩ እምቢ ሲለው ጥቂት አሰበና "እሺ ጋሼ፣ ግን እርስዎ ሲዘሉ ለማስታወቂያ እንቀርጽዎታለን። በስልሳ ሦስት ዓመቱ የሚዘል ዳይሬክተር! ሕዝቡ ያብዳል" አለ። ዳይሬክተሩ ዳሌውን እያሻሸ ፈገግ አለ። ስለ መሐላው መናገር አፈረ። ሚስቴ ከለከለችኝ ብሎ ለዚህ ልጅ ከመናገር መዝለሉ ይቀለዋል። ካልዘለለ ግን ላስቲክን ሠላሳ ዓመት ያዘለለበት ሕግ ይፈርሳል፤ አሁን ልጁን በምን አፉ ነው ዝለዪ የሚላት?

ሲያብሰለስል ሰነበተና መላ ያገኘ መሰለው። ቀረጻው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። እሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይመጣ፣ ብቻውን ይሄዳል፤ ሲመጡ "ዘለልኩ" ይላል።

ቦታው ሥራ ያቆመ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ዘበኛው በሩን ከፈተለትና ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሰ። ዳይሬክተሩ ሦስቱን ፎቅ ሲወጣ አራት ጊዜ አረፈ። በየማረፊያው ግድግዳውን ተደግፎ የራሱን ትንፋሽ አዳመጠ፤ ለፊልም የሚሆን ትንፋሽ ነበር። ላይ ሲደርስ በተነቀለው ትልቅ መስኮት ወደ ታች አየ። ካርቶኖቹ በሦስት ድርብ፣ በሥርዓት ተደርድረዋል። መሀል ላይ ያሉት አዲስ ናቸው፤ ጎናቸው ገና ያበራል። ቀን ተቀን የምትለፋ ልጅ ናት አለ በልቡ።

ጫፉ ላይ ቆመ። ለአፍታ እውነት ሊዘል ፈልጎ ነበር። የያዘው መሐላው ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። የያዘው ድካም ነው። ሰው ሁሉ እንደሚደክመው ደክሞታል፤ ወደ ታች መሄድ እንኳ ደክሞታል። ከመብራት ማቆሚያው እግር ሥር የተቀመጠውን አሸዋ የሞላ ጆንያ እየጎተተ አምጥቶ በመስኮቱ ወረወረው። ዱብ የሚለው ድምፅ ልክ ሰው የወደቀ ይመስል ነበር። ወረደና ጆንያውን ካርቶኖቹ መሀል ከሠራው ጉድጓድ አውጥቶ ጥግ ላይ ጣለው፤ ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ፣ የወደቀበት እንዲመስል፣ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አሻሸና መልሶ ለበሰው። ጃኬቱን ሲያሻሽ ራሱን አየና አፈረ፤ ግን አንዴ ገብቶበታል።

ሠራተኞቹ መጡ። ፕሮዲውሰሩ ስልኩን ደግኖ "ዝግጁ ነን ጋሼ?" አለ።

"ዘልዬ ጨርሻለሁ" አለ ዳይሬክተሩ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

"እንዴ! ሳንቀርጽዎት?"

"እኔ መቼ ነው ለማስታወቂያ የዘለልኩት? ሥራው ደኅና ነው፤ ካርቶኑም ደኅና ነው። በሉ ተዘጋጁ።"

አጨበጨቡለት። መብራት የሚይዘው ሰውዬ "አሮጌው አንበሳ" አለ። ሃያ ዓመት አብሮት የሠራው ካሜራማን ግን አላጨበጨበም፤ ሌንሱን ይጠርግ ነበር። ዳይሬክተሩ ወደ ላስቲክ ልጅ አየ። ይህቺን ልጅ ማንም ያልሞከረው ካርቶን ላይ ሊወረውራት ነው። አባቷ ቢኖር ፊቱን እንዴት አድርጎ ያየው ነበር? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ፤ ስሜን አተርፋለሁ ብሎ ሕጉን ጣለው።

ልጅቱ ካርቶኖቹ አጠገብ ተንበርክካ እጇን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዳ ትዳብስ ነበር። የተጨፈለቁትን አንድ በአንድ አወጣች። ዳይሬክተሩ እያነከሰ ሄዶ አጠገቧ ቆመ። ሊነግራት ነበር፤ ቀደመችው።

"ጋሼ፣" አለች ሳትዞር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሰው በጀርባው ሲወድቅ ትከሻና መቀመጫ ለየብቻ ነው የሚጨፈልቁት። ይኼ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው።"

እንዳትጨርስ ፈለገ። ደግሞ እንድትጨርስለትም ፈለገ።

"ጆንያ ነው" አለ። "አልዘለልኩም። አቅም አጣሁ።"

"አውቃለሁ። ሲጥሉት አይቻለሁ። ከስንዴ ጎተራው ጀርባ ካርቶን እያጠፍኩ ነበር።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

አንዱን ካርቶን ገልብጣ ማዕዘኑን በቢላ በጣች።

"በቃ አትዘዪም" አለ ዳይሬክተሩ። "ተዪው። ለፕሮዲውሰሩ እኔ እነግረዋለሁ። ማንም ያልዘለለው ላይ ማንንም አላዘልልም።"

"ተዘልሏል እኮ።"

"ማን ዘለለ?"

"እኔ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት።" አሁን ዞራ አየችው። "እርስዎ ይዘላሉ ብዬ ነዋ፤ ምን ላይ እንደሚያርፉ ሳላውቅ ላስዘልልዎት ነው? አባቴ እንደዚያ አላስተማረኝም። እሱም ሁልጊዜ ከእርስዎ በፊት ጎህ ሲቀድ መጥቶ ይዘል ነበር። የተጨፈለቀውን ያወጣና አዲስ ደርድሮ እርስዎን ይጠብቃል።"

ዳይሬክተሩ የሚቀመጥበት ፈለገ። በአቅራቢያው የነበረው ጆንያው ነው፤ እሱው ላይ ተቀመጠ።

"ሁልጊዜ ስትዪ?"

"ከሁለተኛው ፊልም ጀምሮ። ጎድንዎ ሲሰበር ድምፁን ሰምቶት ነበር፤ ሁለተኛ አልሰማውም ብሎ ማለ።"

"ለምን አልነገረኝም?"

"'ካወቀ አይዘልም፣ ካልዘለለ ደግሞ ፊልም አይሠራም' ይል ነበር። ሠራተኞቹም ያውቃሉ፤ ማንም ደፍሮ አይነግርዎትም እንጂ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቀዳሚው እኔ ነኝ ሲል ሌላ ሰው በተኛበት ፍራሽ ላይ ሲተኛ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት ላስቲክ ዓይኑ ቀልቶ የሚመጣው ለምን እንደነበረ ገባው፤ እሱ ግን ጠጪ ይመስለው ነበር፤ አንድ ቀን እንዲያውም ሰው ፊት ገሥጾታል። ላስቲክ ያን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ "ይቅርታ አድርግልኝ፣ አይለምደኝም" ነበር ያለው። ይህ ትዝ ሲለው ከዝላዩ ሁሉ ይልቅ ይህ አንጀቱን ቆረጠው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በእጁ አይበሉባ ጠረገው።

"ታዲያ አንዱም የእኔ አልነበረም ማለት ነው" አለ።

"አንዷ የእርስዎ ናት" አለች ልጅቱ። "የመጀመሪያዋ። ያደግኩት አባቴ ስለሷ ሲያወራ ነው። ምንም ሳያውቅ፣ ምንም ሳያይ፣ እኔ ስለጠየቅኩት ብቻ ዘለለ ይል ነበር። ስለ ራሱ ዝላይ አውርቶ አያውቅም።"

ዳይሬክተሩ ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ወደ ሠራተኞቹ ሄደ።

"ስሙኝማ" አለ። "ቅድም ዘለልኩ ያልኳችሁ ውሸት ነው። ጆንያ ነው የጣልኩት። የዘለለችው እሷ ናት።"

ማንም አልደነገጠም። መብራት ያዡ ጫማውን አየ፤ ካሜራማኑ "እሺ ጋሼ" አለ፤ የምሳ ሰዓት የተነገረው ይመስል ነበር። ፕሮዲውሰሩ ብቻ "ይህን ነገር እኔ አልሰማሁም" ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ዳይሬክተሩ ተመልሶ መጥቶ ካርቶኖቹ አጠገብ በቀስታ፣ መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ ጉልበቱ ተንበረከከ።

"እንዴት ነው የሚደረደረው? አሳዪኝ" አለ።

አሳየችው። ማዕዘኑ ይበጣል፤ አየሩ የሚወጣው በዚያ ነው። አፉ አይታሸግም፤ እርስ በርስ ይታጠፋል። ከላይ ያለው ከታች ባሉት መጋጠሚያ ላይ ይቀመጣል እንጂ ልክ ለልክ አይነባበርም። የመጀመሪያውን አበላሸ፤ ፈታችና መለሰችለት። ሁለተኛውን አንድ ጎኑን ብቻ አቃናች። ሦስተኛው ላይ "እንዲህ ነው" አለች።

ስትዘል እንደ ወትሮው በማሳያው ስክሪን አላያትም። ካርቶኖቹ ዘንድ ቆሞ አንገቱን ቀና አደረገ። ከመስኮቱ ወጣች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ መጣች። ትከሻዋና መቀመጫዋ ለየብቻ ሲያርፉ ሰማ። እጁን ሲዘረጋላት ያዘችውና ከጉድጓዱ ወጣች። ካሜራማኑ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ሌንሱ ላይ የዱቄት ብናኝ አርፏል፣ አንድ ጊዜ ይደገም አለ።

ስለዚህ የተጨፈለቁት ይወጡ ጀመር። ዳይሬክተሩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ካርቶን ሲያጥፍ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቱ ናት።

"ዘለልክ?"

"አልዘለልኩም።"

"ጎሽ።"

ልትዘጋው ስትል "ላስቲክ ከእኔ በፊት ይዘል እንደነበር ታውቂ ነበር?" አላት።

በስልኩ ውስጥ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማው ነበር።

"አውቅ ነበር" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሁለተኛው ፊልም። ትልቁን ልጃችንን አርግዤ ነበር። በር ላይ መጥቶ፣ ቀለም የነካውን እጁን ወደ ኋላ ደብቆ፣ 'እኔ አለሁ፣ አንቺ ተኚ' አለኝ። ሲሞት ነው የሚተካው ሰው ያጣሁት። ለዚያ ነው ያስማልኩህ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት እንቅልፍ ወሰደሽ?"

"እኔም ተኝቻለሁ፣ አንተም ተኝተሃል" አለችው። "ያልተኛው እሱ ነው።"

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ካሜራማኑ ከወዲያ "ጋሼ፣ ብርሃኑ ሳይሄድብን" አለ።

"ቆይ" አለ ዳይሬክተሩ፣ ቀና ሳይል። "ሦስት ካርቶን ይቀረኛል።"